ድምፃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ብርድ ልብስ ስቀሉ

«ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ለሬዲዮ ግን አይሆንም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የሰማኋት ከጋዜጠኝነት ትምህርት ተመርቄ ሥራ በማፈላልግበት ሰሞን ነው። የናሙና ትረካ ላኪ ተባልኩ። የኮንዶሚኒየማችን ሳሎን መሀል ቆሜ፣ በተዋስኩት ማይክ ቀድቼ ላክሁ። መልሱ ያችው ነበረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። (ያኮረፍኩት የገዛ ድምፄን ነው!)

ክረምት ነበርና አንድ ቀን እናቴ ያጠበቻቸውን ብርድ ልብሶች ዝናብ አባሮ ቤት አስገባቸው። ሳሎኑ ውስጥ ገመድ ተወጥሮ ተሰቀሉ። ልክ እየደረቁ ሲመጡ መሀላቸው ገብቼ ያንኑ ጽሑፍ፣ በዚያው ማይክ፣ እልህ ይዞኝ ደግሜ ቀዳሁት። ሁለቱንም ለጓደኛዬ አሰማኋት። «ሁለተኛውን የት ስቱዲዮ ገብተሽ ነው?» አለችኝ።

እና ለካስ ያ ሁሉ ፍርድ የተፈረደው በሳሎናችን ላይ ነበር።

ዛሬ የማወራው ለዚህ ነው። በየሰፈሩ የሚዘፍኑ፣ የሚተርኩ፣ ለዩቲዩብ የሚያወሩ ስንት ልጆች አሉ «ድምፄ አያምርም» ብለው የተቀመጡ? ስንቶቹስ ተበድረው ውድ ማይክ ገዝተው ድምፃቸው ያው ከጉድጓድ የወጣ መስሎ ቀረ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድምፃቸውም የማይኩም አይደለም። የክፍሉ ነው።

እስቲ ነገሩን እንየው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1.5 ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ነክቶ ለመመለስ 9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የተለሰነ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ደግሞ ከደረሳቸው ድምፅ ከመቶ 2 እጅ ያህሉን ብቻ ውጠው ሌላውን ይመልሱታል። ስለዚህ አንድ ቃል ስትናገሩ ማይኩ የሚሰማው ቃሉንና የቃሉን ብዙ ቅጂዎች ደራርቦ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስንሆን ሁለት ጆሯችንና አእምሯችን ተባብረው ይህን ያጣሩልናል። ማይክ ግን ይሉኝታ የለውም፤ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል።

ብርድ ልብስ የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። ድምፁ በክሮቹ መሀል ሲገባ አየሩ ከክሩ ጋር እየተፋተገ ጉልበቱን ያጣል፤ የሚመለሰው ትንሽ ይሆናል።

ይህ የድሃ ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ አዳራሽ ነበረው፤ የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ። ችግሩ መምህሩ የሚናገረው አለመሰማቱ ነበር፤ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል እያስተጋባ ይቆይ ነበር። ጉዳዩ የተሰጠው ዋላስ ሳቢን ለሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ የፊዚክስ መምህር ነው። ሳቢን ምን አደረገ? በሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ አጠገብ ካለው ሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ይደረድር ጀመር። ትራሱ በጨመረ ቁጥር በሰዓት መያዣ ይለካል። በመጨረሻ ማስተጋባቱ ወደ 1 ሰከንድ ግድም ወረደ። ዛሬ የአዳራሽና የስቱዲዮ ባለሙያዎች የሚሠሩበት የድምፅ ስሌት የተወለደው ከነዚያ ትራሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ቤት ሲዘጋባቸውም ብዙ የውጭ ሬዲዮ ጋዜጠኞች ዘገባቸውን የቀዱት ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው። ማንም አልሳቀባቸውም።

ታዲያ እንዴት ይሰቀል? አብዛኞቻችን ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ እንሰቅላለን። ለድምፅ ቀረጻ የሚሸጡት አብዛኞቹ ማይኮች ግን በደንብ የሚሰሙት ከፊት ለፊታቸው ነው። ከፊታቸው ደግሞ እናንተ፣ ከእናንተም ጀርባ ያለው ግድግዳ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ከጀርባችሁ፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ወፍራሙን ምረጡ፤ ከቻላችሁ እጠፉት፤ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉት፤ ያ ክፍተት ጥቅሙን ይጨምረዋል። ጋቢም፣ ፍራሽም ይሆናል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣል አድርጉ። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፤ በጣም በራቃችሁ ቁጥር ክፍሉ ይገባል። ከዚያ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ጭል» ብሎ ካልተከተላችሁ፣ ጀምሩ።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ብርድ ልብስ ተአምር አይሠራም። ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን ግን እምብዛም አይነካውም። የ200 ኸርትዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 1.7 ሜትር ይረዝማል፤ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጨርቅ ከመጤፍ አይቆጥረውም። ለዚህ ነው በጠባብ የብርድ ልብስ ድንኳን ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አንዳንዴ የታፈነ የሚሆነው። ስለዚህ ከክፍሉ ጥግ ውጡ፤ ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

ሌላው፣ ብርድ ልብስ የራሳችሁ ድምፅ እንዳይመለስ ያደርጋል እንጂ የወያላውን ጥሪ፣ የብየዳ ቤቱን ጩኸት አይከለክልም። ለዚያ ክብደት ያለው ግድግዳና በደንብ የተደፈነ በር ያስፈልጋል። እኛ ያለን ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው። (ሌሊት ጥሩ ነው፤ የሰፈራችሁ ውሾች ከፈቀዱ።) የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ልጆችም ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቀጭንና ቀላል ወረቀት ነውና ይህ ነው የሚባል ነገር አይውጥም። እንቁላሉን ብሉ፣ ካርቶኑን ጣሉት።

«ይሄ እኮ ከድህነት ጋር መታረቅ ነው፤ ባለሙያ ስቱዲዮ ይገባዋል» የሚል ወዳጅ አለኝ። እውነት አለው። ስቱዲዮ ስቱዲዮ ነው፤ ጥሩ ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ዝምታ ብርድ ልብስ አይሰጥም። ግን በሰዓት የሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ማን ይለማመዳል? ማን ተሳስቶ ሃያ ጊዜ ይደግማል? ድምፅ የሚበስለው በመደጋገም ነው። ለመደጋገም ደግሞ ነፃ ክፍል ይሻላል።

በር ላይ ቆማችሁ ድምፅ ለምትመርጡ ሰዎችም አንድ ልመና አለኝ። የምትሰሙት ናሙና እያስተጋባ ከሆነ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት «መኝታ ቤት ገብተሽ፣ ብርድ ልብስ ሰቅለሽ ድገሚው» በሉ። አንድ መስመር መልእክት ናት። ስቱዲዮ መግባት የቻለውን ከማይችለው ለይታችሁ ስትመርጡ የምትመዝኑት ኪስ ነው፤ ድምፅ አይደለም።

እኔ በበኩሌ አሁንም ማታ ማታ ብርድ ልብሴን ከአልጋ አውርጄ እሰቅላለሁ፤ ስጨርስ ለብሼው እተኛለሁ። የእናንተስ አልጋ ላይ ምን አለ?

ቸር እንሰንብት።