ተራራው ይጠብቀናል

በሴሚስተሩ መጨረሻ በአንዲት ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን፣ ዲግሪያችንን ስንጨርስ የምንሄድበትን ጢዩል እያቀድን ነበር። አብዛኞቻችን የመረጥነው ራስ ደጀንን ነው። የጓደኛችን እናት ቡና እያፈሉ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ከፍታው ስንት ነው ብለው አልጠየቁንም። «ውሃ ከወዴት ትቀዳላችሁ?» አሉን። ቀጥለውም «እኛ እኮ ከዚያ አገር ነን። ጠዋት ጠዋት ውርጩ እግራችንን ያቃጥለን ነበር» አሉ። ልጃቸው ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኛ ስለ ተራራው ብዙ እናውቅ ነበር። ከፍታው 4,550 ሜትር ነው፤ በአሮጌ መጻሕፍት 4,620 ይባል ነበር። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንካበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚያልፈውን መንገድ በቃላችን ይዘነዋል። ከቧሂት ወደ መሸሃ ወንዝ ተወርዶ እንደገና ወደ አምቢቆ እንደሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደረስም ድንጋዩን በእጅ እየያዙ መውጣት እንዳለ እናውቃለን። ጭላዳውንና ዋልያውንም በፎቶ አይተናል። የማናውቀው እዚያ የኖሩትን የራሳችንን ሰዎች ነው።

ሰሜን ለቤተ እስራኤል የቱሪስት አገር አልነበረም። አያቶቻችን በአምባዎቹ ላይ መሽገው ከነገሥታት ጋር ተዋግተዋል። ራሳቸውን ችለው የኖሩበት ዘመን ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ በአጼ ሱስንዮስ ጦርነት ነው። ከዚያም በኋላ ልጆቻቸው በዚያ አገር እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ኖረዋል። በ1980ዎቹ ብዙ ቤተሰቦች ከጎንደርና ከአካባቢው ልጅ አዝለው በሌሊት ወደ ሱዳን ሲጓዙ፣ ማንም «ጀብዱ» አላለውም።

ተራራ አንውጣ እያልን አይደለም። ዛሬ አካባቢው በግጭት ምክንያት አስተማማኝ አይደለም፤ ሰላም ሲሆን ግን እንሄዳለን። ተራራው የትም አይሄድም። ወላጆቻችን ግን እያረጁ ነው። አንዳንዶቹ የመንደራቸውን ስም እየረሱ ነው፤ እኛም አማርኛውን እየረሳን ነው።

«ወላጆቻችን ማውራት አይፈልጉም፣ ቁስላቸውን አንነካካ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ፍርሃታቸው ትክክል ነው። ሶሻል ወርክ የምንማር ሰዎች ሰውን አስገድዶ ማናገር እንደማይገባ ተምረናል። ነገር ግን በልምምድ ቦታችን የማናውቃቸውን ቤተሰቦች ታሪክ ጠይቀን ስንጽፍ ውለን፣ ቤታችን ስንገባ ለእናታችን «ምን አለ የሚበላ?» ብቻ ማለታችን ያሳፍራል። በሱዳን መንገድ ስለሞተው ሰው መጀመር የለብንም። በውሃው፣ በገብሱ፣ በብርዱ እንጀምር። የቀረውን ከፈለጉ ራሳቸው ይነግሩናል፤ ካልፈለጉም ዝምታቸውን እናክብር።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመጪው ሰግድ በፊት እያንዳንዳችን ከእናታችን፣ ከአባታችን ወይም ከአያታችን ጋር አንድ ሰዓት እንቀመጥ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ድምፃቸውን እንቅዳ። አማርኛው ወይም ትግርኛው የሚከብደን ታላቅ እህታችንን ወይም ወንድማችንን ይዘን እንግባ። የመንደሩን፣ የወንዙንና የተራራውን ስም እነሱ እንደሚጠሩት እንጻፈው።

ራስ ደጀን የምንወጣበት ቀን ሲመጣም፣ ውሃው ከወዴት እንደሚቀዳ አውቀን እንውጣ።