የኪራይ ክፍሏ ልጅ



በቡልቡላ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ስምንተኛን ያለፈች ልጅ ወደ ከተማ ትላካለች። አባት የአንዲት ክፍል ኪራይ ይከፍላል፤ እናት በገበያ ቀን ዱቄት ትልካለች። ዱቄቱ ባለቀበት ሳምንት ግን ማን ይጠይቃታል? ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ዘመድ ሳይሆን በአዋሳ መንገድ የሚመላለስ፣ በዕድሜ የሚበልጣት፣ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ደብተር ይገዛል፣ ኪራይ ይሸፍናል፣ ኒካሕም አስራለሁ ይላል። ከወራት በኋላ እሷ ከክፍል ትቀራለች፤ እሱ ሥራው ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኦሮሚያ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች ከመቶ 17ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። እርግጥ ብዙዎቹ ባለትዳር ናቸው፤ ይሁንና ያም ቢሆን ትምህርታቸውን አላስቀጠለላቸውም።

እኛ መምህራንም ከተጠያቂነት አናመልጥም። በመድረሳ የጦሃራን ምዕራፍ ስናስቀራ ስለ ሐይድ እናስተምራለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን «ነውር ነው» ብለን እንዘለዋለን። ኪታቡ ያላፈረበትን እኛ እናፍርበታለን! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት፣ ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። የእኛ ልጅ የወር አበባዋ ሲቀር የምትነግረው ለጓደኛዋ ነው፤ እናት የምታውቀው ሆዷ ሲገፋ ነው። ቁጣውም በእሷ ላይ ብቻ ይወርዳል።

ወላጆች ሆይ፣ ክፍል ስትከራዩላት ሁለት ሦስት ሆነው ይኑሩ፤ አከራይቷንም እወቋት። የወለደችውም ወደ ትምህርቷ ትመለስ፤ ሕፃኑን የምትይዝ አያት አትጠፋም።