የተቃጠለውን ሽቦ አትጣሉት

ሲሬ ላይ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ወደምትገኘው ነቀምቴ ይጫናል፤ ወይ ሪዋይንድ ይደረጋል (ሽቦው በአዲስ ይጠቀለላል)፣ ወይ በሌላ ይቀየራል። ተመልሶ ይታሰራል፣ ቺንጋው ይገባል፣ ወፍጮው ይነሳል። ለምን እንደተቃጠለ የሚጠይቅ ግን የለም። «ዕቃው የቻይና ነው» ወይም «መብራቱ ነው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ይህን ጥገና ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ጥፋቱ እዚያው ተቀምጦ የተጎዳው ዕቃ ብቻ ነው የተተካው።

ሞተር ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ባለሦስት ፌዝ ሞተር ጭነት ላይ እያለ አንዱ ፌዝ ቢቋረጥበት በቀሩት ሁለት መስመሮች የሚስበው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ይጨምራል። 380 ቮልት የሚፈልግ ሞተር ቮልቴጁ 15 ከመቶ ቢወርድበት፣ የማዞር ጉልበቱ 28 ከመቶ ግድም ይወርዳል። በቆሎው ግን አልቀነሰለትም፤ ስለዚህ ብዙ ከረንት እየሳበ ይታገላል፣ ይግላል። የሽቦው ሽፋን ከተሠራለት ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር በሙያው የቆየ ስሌት አለ።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ማስረጃው መጣሉ ነው። በስታር የታሰረ ሞተር ሲከፈት የሁለት ፌዝ ጥቅልል ጠቁሮ የሦስተኛው ንጹሕ ከሆነ አንድ ፌዝ ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። በዴልታ ከታሰረ የሚጠቁረው የአንዱ ፌዝ ብቻ ነው። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶ፣ ቮልቴጅ ወርዶ ወይም ማቀዝቀዣው ታፍኖ ይሆናል። ኩሽኔታው አልቆ ሮተሩ ስታተሩን ፍቆት ከሆነም ጭረቱ ብረቱ ላይ ይታያል። ሪዋይንድ የሚሠራው ባለሙያ ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ ሽቦው ተቆርጦ ይወጣና መዳቡ በኪሎ ይሸጣል፤ ባለወፍጮው የሚነገረው ሂሳቡን ብቻ ነው።

ምክንያቱን ሳይጠይቁ መተካት የወፍጮ ቤት ስሕተት ብቻ አይደለም። በሬዲዮ የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የሚሠሩ ሰዎችም ይወድቁበታል። የእነዚህ አውሮፕላኖች የዘመኑ ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ ብሩሽ የሌላቸው፣ በሦስት ሽቦ የሚነዱ ናቸው፤ ሁለቱን ሽቦ ብታቀያይር አዟዟሩ ይገለበጣል፣ አንዱ ብየዳ ቢላላ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሳም። የ10 ኢንች ፕሮፔለር በ11 ኢንች ቢተካ በዚያው ፍጥነት ለማዞር ግማሽ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ፕሮፔለሩን ሳያይ ሞተር ብቻ የሚቀይር ሰው አዲሱንም ያቃጥላል። ወፍጮ ላይ ይህን ሚና የያዘው ፑሌጃው ነው። በደቂቃ 1,440 ጊዜ ይዞር የነበረውን ሞተር 2,880 በሚዞር ተክቶ ፑሌጃውን እንዳለ የተወ ሰው ወፍጮውን በእጥፍ ፍጥነት እያስሮጠ ነው።

ባለወፍጮዎች የሚሉት አለ፤ ገበያተኛ ቆሞ ማን ይለካል? መብራቱስ በእጃችን ነው? መብራቱ እንደሚዋዥቅ አልክድም። መከላከያ የሚገጠመው ግን ለዚሁ ነው። ይሁንና ጭነት ሲበዛ የሚያቋርጠው ኦቨርሎድ አስቸገረ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ፊውዙ ሲበጠስ ወፍራም ሽቦ ይታሰርበታል። ኦቨርሎዱ ያቋረጠው ሥራውን ስለሠራ ነበር። በሦስቱ ፌዞች መካከል ያለውን ቮልቴጅ፣ በቆሎ እየተፈጨ እያንዳንዱ መስመር የሚስበውን አምፔር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የሽፋኑን ጥንካሬ መለካት ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ወፍጮው ሲቆም ግን እህሏን ተሸክማ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ የምትሄደው ሴት ቀኗን ታጣለች፤ ይህ ኪሳራ የማንም ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ሪዋይንድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞተሩ የተቃጠለበትን ምክንያት ደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ባለወፍጮውም ምክንያቱ ካልተጻፈለት ሂሳቡን አይክፈል።