ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶና የወላጆቻችን ዝምታ

ሰሞኑን ማትናስ ውስጥ ከወላጆች ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ አንዲት እናት በልጃቸው ትምህርት ቤት ላይ ያላቸውን ቅሬታ መናገር ጀመሩ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን አዩ። በሩ ዝግ ነው። እዚህ አገር ከገቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አብረውን የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ "ባህላቸው ነው፣ አይናገሩም" ይሉናል። በእርግጥ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እየተባለ ነው ያደጉት። እኛ በልጅነታችን መጥተን ዛሬ በማህበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ግን ከዚህ ዝምታ ብዙውን ያስተማራቸው ደርግ እንደሆነ እናውቃለን።

እስቲ እናስታውስ። በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የጓድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒንም አብረው አሉ። ከዚያ በፊት የሚሰቀሉት ጃንሆይ ነበሩ። "ቆራጡ አብዮታዊ መሪ" ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። አባቶቻችን እነዚያ ጺማም ፈረንጆች እነማን እንደሆኑ ባያውቁም ግድ የለም፤ ሰልፉ ላይ መገኘት ብቻ ይበቃል። የቀረ ሰው "የት ነበርክ?" ይባላል።

እኛ እንደሚመስለን የነዚያ ሥዕሎች ዋና ሥራ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያጨበጭብ እንዲያይ ማድረግ ነበር። ሁሉም ሲያጨበጭብ ታያለህ፤ ከልቡ ይሁን ፈርቶ በምን ታውቃለህ? ስለዚህ የሆድህን ለማንም አትናገርም። ቤት ስትገባም ልጅህን "ይህን ውጭ እንዳታወራ" ትለዋለህ።

በ1984፣ በኢትዮጵያ መስከረም 1977፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በትልልቅ ሥዕሎች አጌጠች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ቆመ፤ ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። በግንቡ ላይ በተቀረጸው ምስል መንግሥቱ ራሱ ሕዝቡን ሲመራ ይታያል። ያን ጊዜ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍ ግን ወሬው እንዲታፈን ተደረገ። በዚያው ዓመት የእኛም ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ይጓዙ ነበር። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል። በዚያ ሁሉ የድል ሥዕል ውስጥ ለተራበውም ለተሰደደውም ቦታ አልነበረም።

ከዚያስ? ሜይ 21 ቀን 1991 መንግሥቱ አገር ጥሎ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። በሁለት ቀኑ አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የነበረው የሌኒን ሐውልት ተገርስሶ ወደቀ። በማግሥቱ ዘመቻ ሰለሞን ተጀመረ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን እዚህ ገባን። ሐውልቱ በአንድ ቀን ነው የወደቀው። ፍርሃቱ ግን አብሮን መጣ።

ስለዚህ ከወላጆቻችን ጋር የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜ ሰጥታችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ወጣቶች፣ "ለምን አትናገሩም?" ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀበሌ ምን እንደነበር አስነግሯቸው። እኛም ራሳችንን እንይ፦ ዛሬም የምንወደውን መሪ ፎቶ ስልካችን ላይ ለጥፈን፣ ስለሱ ጥያቄ ያነሳውን ሰው ስንሰድብ እንገኛለን። ማንም ይሁን ማን፣ የማይጠየቅ መሪ አያስፈልገንም።

እኚያ እናት ቅሬታቸውን አብረን ከጻፍን በኋላ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ከዚያ ፈረሙ። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እያየ ነበር።