ጥየቃችን መልኩን ይቀይር

የደም ካንሰር ይዞት ሕንድ ሄዶ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ቤተ ዘመዱ የሚቀበለው በወጉ ነው። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ቡና ይፈላል። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የጽዋ ማኅበርተኛው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እያለ አገላብጦ ይስመዋል። ከገጠር የመጣው አጎት ደግሞ ከአውድማ ተነስቶ፣ የጤፍ ገለባ ብናኙን በጋቢው እንደያዘ ይገባል። ይህን ሁሉ ፍቅር ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሌላ መንገድ እንግለጸው እላለሁ።

ነገሩ የሳንባ ነገር ነው። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ከባድ መድኃኒት የታመመውን መቅኔ ሲያጠፋ ነጭ የደም ሴሎችንም ያሟጥጣል። አዲሱ መቅኔ ነጭ ሴል ማምረት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። የመከላከል አቅሙ እስኪመለስ ግን ወራት ያልፋሉ፤ ከሌላ ሰው የወሰደማ ከዓመትም በላይ ሊቆይ ይችላል። የልጅነት ክትባቱ እንኳ እንደገና ይሰጠዋል። በዚህ መሐል፣ እኛ ጤነኞቹ በየቀኑ እየተነፈስነው ምንም የማያደርገን፣ በገለባ፣ በድርቆሽና በሻገተ እህል ውስጥ የሚኖረው አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ተራ ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች ይወርድበታል። ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቀስ ይችላል፤ አገራችን ደግሞ የቲቢ ሸክም ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሳንባ ሕመሙ ድምፅ ሳያሰማ መምጣቱ ነው። መግል የሚሠራው ከነጭ ሴሎች ነው፤ እነሱ ሲያንሱ አክታ አይኖርም፣ ራጁም ንጹሕ ሊመስል ይችላል፣ ሲቲ ስካን እስኪነሳ ድረስ። አንዳንዴ ያለው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። በደጋው አገር «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ በፌጦና በዳማከሴ ሁለት ቀን ማሳደር የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሰው ሁለት ቀን ብዙ ነው።

አቅም የለንም አንበል። ኒሞሲስቲስ የተባለውን የሳንባ ምች የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል የጤና ባለሙያዎቻችን ለኤችአይቪ ሕሙማን ሲሰጡ ኖረዋል፤ ያው ርካሽ ክኒን ለንቅለ ተከላ ታካሚም ይታዘዛል። ለከፍተኛ ሕክምና የሚኬድበት አዲስ አበባ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መካከሉ የዓባይ በረሃ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ጎጃሜው ያውቀዋል። ስለዚህ ታካሚው ገና እንደተመለሰ፣ ሳይታመም፣ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይመዝገብ።

እናንተ ጠያቂዎች፣ ጉንፋን የያዛችሁ በስልክ ጠይቁት። የቀራችሁት እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ከመሳም ተቆጥባችሁ፣ ጥቂት ጥቂት ሆናችሁ ግቡ። ቄጤማውና ጭሱ ይቅር፤ ታካሚውም ለውቂያ አይውጣ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የምትነግሩትም መቅኔ እንደተተከለለት ይሁን።