ሁለተኛውን አንብቦ አንደኛውን ያላየ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናው እስኪፈላ የምታነቡት ይሁን።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በገጹ ላይ «ከዴርቶጋዳ፣ ከራማቶሓራና ከዣንቶዣራ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ለጠፈና እኔንም ታግ አደረገኝ። ጠዋት ስነሳ ኮሜንቱ መቶ አልፏል። አንዱ «መጽሐፍ ማለት አንደኛው ነው፣ የቀረው ገበያ ነው» ይላል። አንዷ «ሦስተኛው ላይ ነው ሁሉም የሚገጣጠመው፣ እናንተ ትዕግሥት የላችሁም» ትላለች። «አራተኛው መቼ ነው የሚወጣው?» የሚልም አልጠፋም። እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር የማነበው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጎበዝ መጣና «ሦስቱንም በቅደም ተከተል ያላነበበ ሰው አስተያየት ባይሰጥ ደግ ነው» ብሎ ዘጋው። ላይኩም ዘነበለት። እኔ እዚያች ላይ ነው የቆምኩት።

በቅደም ተከተል። እሺ። መጽሐፍ መንዝ በቅደም ተከተል ይደርሳል ያለህ ማነው?

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳን ያወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በናሳ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሻጊዝ እጅጉ አለ፣ ዶክተር ሚራዥ አለ፣ የጣና ገዳማት አሉ፣ የውጭ ሰላዮች አሉ። ብዙ አንባቢ ሻጊዝን ከእውነተኛው የጠፈር መሐንዲስ ከቅጣው እጅጉ ጋር ያያይዘዋል፤ ቦንጋ ተወልዶ አሜሪካ በጠፈር ሥራ ስሙን ካስጠራው፣ በ1998 ዓ.ም. ካረፈው ሰው ጋር። ፈረንጆቹ ስፔስ ኦፔራ የሚሉት፣ በቅጽ ላይ ቅጽ እየተደረበ የሚሄድ የጠፈር ታሪክ አላቸው። እኛ ቤት ለዚያ ዘር የሚቀርበው፣ ሮኬቱና ገዳሙ ባንድ ገበታ የቀረቡበት ይሄ የይስማዕከ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድመው ሽቅብ ማየት ጀምረው ነበር። ይህን ያደረገው መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ሌላው ይቅርና ይህ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ2005 ገደማ መሐል ሜዳ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ልጆቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ነው የሚገቡት፤ ከጋቢ ስር ምን እንዳለ አታውቅም። አንድ ቀን ስለ ወርዋሪ አካል እንቅስቃሴ ሰሌዳ ሞልቼ ዞር ስል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ሄድኩ። ጋቢውን ገለጥኩ። ራማቶሓራ ነው። ሽፋን የለውም፣ የፊቱ ገጾች ተገንጥለዋል፣ ጠርዙ በሰም ተነካክቷል። ተቀበልኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ያኔ አስተማሪነት ማለት ይሄ ነበር የሚመስለኝ፤ እንዲያውም መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ስስቅበት ነበር፣ «ልጁ የኒውተንን ሕግ ሳያውቅ ናሳ ሊገባ ነው» እያልኩ።

ኋላ ከሌላ ተማሪ እንደሰማሁት መጽሐፉ የልጁ አልነበረም። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ከአዲስ አበባ እያመጣ በቀን ሒሳብ የሚያከራየው ነው። እኔ መሳቢያ ውስጥ በቆለፍኩበት ቀን ሁሉ ኪራዩ ይቆጥራል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እህል እየተሸከመ ነው የከፈለው። አንድም ቀን መጥቶ «ቲቸር መልስልኝ» አላለኝም። መንዜ ነዋ፣ ለምኖ አያውቅም።

መልሼ ስሰጠው እንደ ይቅርታ ይሁንልኝ ብዬ ስለ መጽሐፉ ጠየቅኩት።

«አንደኛውን አንብበኸዋል?»

«ኧረ የለም ቲቸር። አንደኛው እዚህ አልደረሰም።»

«ታዲያ ሁለተኛው እንዴት ገባህ?»

«አንደኛውንማ እኔ ሠራሁታ!»

ከዚያ ቆመን ነገረኝ። እሱ በሠራው ዴርቶጋዳ ውስጥ ሻጊዝ የግሼ ልጅ ነው። በግ ሲጠብቅ ጓሳ ላይ ያድራል፤ ሌሊት ከዋክብቱን እየቆጠረ ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ይከተለዋል። አንድ ፈረንጅ ቀበሮ ሊያጠና መጥቶ ልጁ የከዋክብቱን መውጫና መግቢያ ሰዓት በቃሉ እንደሚያውቅ ያያል፣ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ እገሌ እገሌን ካወቀው አንደኛው ላይ የሆነ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ እንዲህ እያለ ከኋላ ወደ ፊት ቆጥሮ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ገጣጥሟል። ለክፍል ጓደኞቹም በየምሽቱ እየተረከላቸው ኖሯል። እኔ ውጤቱን አይቶ ምክንያቱን መፈለግ ፊዚክስ ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ የምጮኸው ሰውዬ፣ ሲሠራው ሳየው አላወቅኩትም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልቀርም። ሁሉም እንደዚህ ልጅ አልነበሩም። ብዙዎቹ ከመጽሐፉ ምስጢሩን እንጂ ስሌቱን አልወሰዱም። «ቲቸር፣ ጥበቡ ሁሉ ገዳም ተደብቆ ነው አይደል?» ብለው የሚጠይቁኝ ነበሩ። እኔም «እስቲ ገዳም ከመሄድህ በፊት ይቺን እኩልታ ፍታት» እላለሁ። ደራሲው ልብ ወለድ ጻፈ፣ አንባቢው ማስረጃ አደረገው። ይህ ግን የአንባቢ ጣጣ ነው፣ ሁሉንም በደራሲው ላይ መደፍደፍ ደግ አይደለም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እኔ ተከታታይ መጽሐፍ አይጻፍ አላልኩም። ብርሃኑ ዘርይሁን አብዮቱን በሦስት ቅጽ ማዕበል ብሎ ጽፎታል፤ በአንድ ቅጽ የማይበቃ ነገር አለ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ተከታታይ መጽሐፍ ሲታተም አንባቢው አራት ኪሎ ቆሞ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ከአዟሪው እጅ እየመረጠ የሚገዛ ሰው ተደርጎ ነው የሚታሰበው። ከጣርማ በር በግራ ታጥፈህ መዘዞን፣ ሞላሌን አልፈህ ስትሄድ የመጽሐፍ መደብር የለም። መጽሐፍ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ለፋሲካ ይዞ ይመጣል፣ ሹፌር ወንበር ስር ረስቶት ይቀራል፣ አረብ አገር የነበረች እህት ትተወዋለች። ሦስተኛው በ2006 ሊደርስ ይችላል፣ አንደኛው በ2010። እንዲያ ላለው አንባቢ ሁለተኛው ቅጽ ያለ አንድ ገጽ መንደርደሪያ መሐል ላይ ሲጀምርበት፣ «አንተ አልተጠራህም» እንደማለት ነው።

መላው ደግሞ ከባድ አይደለም። ስንክሳርን እዩት። ዓመቱን ሙሉ የሚነበብ፣ ከዚያ የረዘመ ተከታታይ የት አለ? ግን ትናንት ቤተ ክርስቲያን ያልሄደች እናት የዛሬውን ስትሰማ ምንም አይጎድልባትም፤ የዕለቱ ለዕለቱ ይበቃል። የሬዲዮ ተራኪዎቻችንም ያውቁበታል። ባለፈው የት እንደቆሙ ሳያስታውሱህ አይቀጥሉም፣ ባትሪው ያለቀበት ሰው እንዳለ ስለሚገባቸው። ውጭም ቢሆን አይዛክ አሲሞቭ ፋውንዴሽንን በ1942 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በመጽሔት ላይ በቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚወጣው። መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ደግሞ ክፍሎቹን ከአንድ የፈጠራ መዝገበ ዕውቀት በተወሰደ ጽሑፍ እየከፈተ አንባቢውን ያለበትን ዘመንና ቦታ ይነግረዋል። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 እ.ኤ.አ. ዱን ሲያሳትም መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አስገብቷል። ጀርመኖች ፔሪ ሮዳን የሚሉትን የጠፈር ታሪክ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምረው በየሳምንቱ እያወጡ ከ3000 ቁጥር በላይ አድርሰውታል። እዚያ አንድ ቁጥር ያመለጠው ሰው ከኪዮስክ ይገዛል። እዚህ ያመለጠው ሰው ጓሳ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ ይፈጥራል።

ሁለት ገጽ። «እስካሁን የሆነው» የሚል ሁለት ገጽ ከፊት ይጨመር ነው የምለው። ወረቀት ተወዷል፣ አውቃለሁ፤ ግን ባለ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ላይ ሁለት ገጽ ማንንም አያከስርም።

ይህን ስል «የኛ ሰፈር መጽሐፍስ?» የምትሉኝ አላችሁ። እመጓን ማለታችሁ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠና ሰው። እመጓ ብሎ ጀመረ፣ ዝጎራ፣ መርበብት፣ ሰበዝ እያለ ቀጠለ። እመጓ ዑራኤል እዚሁ መንዝ ነው ያለው። እኔ እዚያ አገር ስኖር መጽሐፉን አንብበው ቦታውን ሊሳለሙ የሚመጡ እንግዶች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል፤ ጠጅ ሳር በሚመስል አረንጓዴ ጃኬት የመጣች አንዲት እህት «ዝጎራንስ አንብበዋል ጋሼ?» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። አላነበብኩም ነበር። ከተማው ውስጥ አንድም ቅጂ አልነበረም። እሷ ግን ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። አሳየችኝ፣ አገላበጥኩት፣ መልሳ ከተተችው፣ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ስለ መንዝ የተጻፈው መጽሐፍ መንዝን አይቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ መተው እንደሚቻል አልታያትም፣ እኔም አፍሬ አልጠየቅኳትም። ምናለ እንግዶች አንብባችሁ የጨረሳችሁትን እዚያው ብትተዉት? ጧፍና ዕጣን ይዛችሁ ትመጡ የለ፣ መጽሐፍም ያው ነው።

የቱ ይበልጣል ላላችሁኝ የኔን ፍርድ ልስጥ፣ ከተጠየቅኩ አይቀር። ዴርቶጋዳ ይበልጣል። ምክንያቴ ግን «ኦርጅናሉ ነው» የሚል አይደለም። አንደኛው የሚሮጠው ጥያቄ ይዞ ነው። ተከታዮቹ ለጥያቄው መልስ መስጠት ስላለባቸው ሸክማቸው ከበደ፤ ምስጢር ሲገለጥ ምንጊዜም ከገመትከው ያንሳል። ይህ የይስማዕከ ብቻ አይደለም፣ የረጅም ተከታታይ ሁሉ ዕዳ ነው። ራማቶሓራን ደግሞ ከዚያ ልጅ አፍ ስለሰማሁት ይሆናል፣ ሌሎች እንደሚሉት ልጠላው አልቻልኩም። ዣንቶዣራን አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ በአንድ ንባብ አልፈርድም። አራተኛ ይውጣ ለምትሉት ግን አልስማማም። ይብቃ። ሌላ ሰው፣ ሌላ ጠፈር ይጻፍ። በተለይ ከእናንተ መካከል የምትጽፉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ስትጽፉ እያየሁ ዝም ያልኳችሁ።

ልጁስ? አዲስ አበባ ወርዶ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ዴርቶጋዳን ከአዟሪ ላይ አግኝቶ ገዛው። ከስንት ዓመት በኋላ መሰላችሁ! ጨርሶ በሌሊት ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ አነበብኩት።»

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው። የኔ ግን ይሻላል።»

ጻፈው ብለው «ማን ያሳትመዋል» አለኝ። እስካሁን አልጻፈውም። ባለፈው ዓመት ስንገናኝ ግማሹን እየረሳሁት ነው አለኝ፤ ይህን የምጽፈውም ዋናው ለዚያ ነው። እስከማስታውሰው ድረስ በስልኬ እየቀዳሁ ነው፣ አንተም እዚህ ካነበብከው ደውል፣ ቀበሮ አጥኚው ፈረንጅ ምን ሆኖ እንደቀረ ጠፍቶብኛል።

የመጨረሻው የተግባር ነገር ነው። በነዚህ ዓመታት በብዙ ቦታ ትምህርት ሲቋረጥ ልጆች እቤት እንደዋሉ ታውቃላችሁ። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ቤቱ ውስጥ ጥቂት መጻሕፍት ሰብስቦ ለሰፈሩ ልጆች ያውሳል፣ በነጻ። ትናንት ያለውን ዝርዝር ላከልኝ። ራማቶሓራ ሁለት ቅጂ አለው። ዣንቶዣራ አንድ። መርበብት አንድ፣ ጀርባው የተቀደደ። ዴርቶጋዳ የለም፣ እመጓም የለም። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የምትመጡ መናኸሪያ ድረስ አምጡልኝ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ የማውቀው ሹፌር አለ። አሮጌም ቢሆን ችግር የለም። ሽፋኑ ይኑር አይኑር ግድ የለኝም፣ የፊቱ ገጾች ግን ይኑሩ።