«ያንግ» ምን በደለ?

በደቡብ ጃካርታ ያደጉ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ አያሌ ተመልካች ያፈሩ ወጣቶች ንግግራቸውን በኢንዶኔዥኛ ይጀምሩና ገና ወገቡ ላይ ሳይደርሱ «ዊች ኢዝ» ብለው ይሰብሩታል፤ «ሊተራሊ» ብለውም ይጠግኑታል። አገሬው «የጃክሰል ልጆች ቋንቋ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እኛ ጉራማይሌ የምንለው መሆኑ ነው።

ለመሆኑ «ያንግ» የተሰኘው የኢንዶኔዥኛ አያያዥ ቃል ምን በድሎ ነው «ዊች ኢዝ» የተሾመበት? አዲሱ ሹም የሞላው ጉድለት የለም። (በእንግሊዝኛውም ሚዛን ቢሆን አዘውትሮ ያለ ቦታው ነው የሚገባው።) የሚያስረዳው ነገር ቢኖር ተናጋሪው ውድ ትምህርት ቤት የገባ መሆኑን ብቻ ነው።

ጠበቆቹ «ቋንቋ ያለ ውሰት አያድግም» ይሉናል። እውነት ነው። ኢንዶኔዥኛ ወንበርን «ኩርሲ» ያለው ከዓረብኛ፣ ቤተ ክርስቲያንን «ገሬጃ» ያለው ከፖርቱጋልኛ፣ መሥሪያ ቤትን «ካንቶር» ያለው ከሆላንድኛ ወስዶ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ለአገሩ ሰዋስው አድረው የገበሬውም የመምህሩም ገንዘብ ሆነዋል። ዘመኑ አዲስ ነገር ሲያመጣም ቋንቋው አቅም አላነሰውም፤ ከኢንተርኔት ማውረድን «ኡንዱህ» ብሎታል፤ ይህም ፍሬ መልቀም ከሚል የጃቫኛ ቃል የተገኘ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1928 በባታቪያ ለአንዲት አገር፣ ለአንድ ሕዝብና ለአንድነት ቋንቋ ቃል ኪዳን የገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በሆላንድኛ የተማሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ የመረጡት የቅኝ ገዢውን ቋንቋ አልነበረም፤ ብዙ ተናጋሪ የነበረውን ጃቫኛንም አልነበረም፤ በየወደቡና በየገበያው መርከበኛና ነጋዴ ይግባባበት የነበረውን ማላይኛን እንጂ። ከ700 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት የደሴቶች አገር ማንም በማንም ላይ የማይኮራበት ቋንቋ እርሱ ነበርና። ዛሬ በፍሎሬስ ወይም በፓፑዋ ያለ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ያንኑ የጋራ ቋንቋ ሲያዳምጥ ግማሹ ተቆልፎበት ያገኘዋል። እንግሊዝኛ ይማር ቢባል፣ መልካም፣ ይማር፤ ከእንዲህ ያለ ቅይጥ ግን አንዱንም አጥርቶ አይማርም።

መንግሥት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ቁጥር 24 የሕንፃና የመንገድ ስሞች በኢንዶኔዥኛ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕግ ግን ሰሌዳ ያስጽፍ እንደሆነ እንጂ አንደበት አይገራም። ወጣቱ ጥርት ያለ ኢንዶኔዥኛ ሲባል የሹም መግለጫና የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ትዝ የሚለው ከሆነ፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚያስቅ፣ የሚያናድድ፣ ለፍቅር የሚመች ኢንዶኔዥኛ በዚያው ቪዲዮ ላይ ያላቀረቡለት ደራስያንና ተዋንያንም አሉበት።